የክብደት ምድብ በቴኳንዶ፦ ለፍትሐዊነት የተዘረጋው ሥርዓት ለጤና ጠንቅ እንዳይሆን

በቴኳንዶ የሚሠለጥኑ ታዳጊዎች ወደ ውድድር ሲሸጋገሩ ለወላጆችና ለአሰልጣኞች በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «በስንት ኪሎ ይወዳደር?» የሚል ነው። ምላሹ ከሜዳሊያ ባሻገር የታዳጊውን ጤና የሚነካ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

የክብደት ምድብ የተዘረጋው ተቀራራቢ አካላዊ አቅም ያላቸውን ስፖርተኞች በማገናኘት ውድድሩን ፍትሐዊ ለማድረግና ጉዳትን ለመቀነስ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ደንብ መሠረት በአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና ለእያንዳንዱ ጾታ 8 ምድቦች አሉ። በኦሊምፒክ ግን ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወንዶች እስከ 58፣ እስከ 68፣ እስከ 80 እና ከ80 ኪሎ ግራም በላይ፣ ሴቶች ደግሞ እስከ 49፣ እስከ 57፣ እስከ 67 እና ከ67 ኪሎ ግራም በላይ በሆኑ 4 ምድቦች ይወዳደራሉ። ኢትዮጵያዊው ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተሳተፈው በ58 ኪሎ ግራም ምድብ ነበር።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ የምድቦች መጥበብ ነው። በዓለም ሻምፒዮና በ63 ኪሎ ግራም የሚወዳደር ስፖርተኛ ለኦሊምፒክ 5 ኪሎ ግራም መቀነስ፣ አለዚያም እስከ 68 ኪሎ ግራም ከሚመዝኑ ተጋጣሚዎች ጋር መሰለፍ ይኖርበታል። ብዙዎች መቀነሱን ይመርጣሉ። ክብደቱ የሚለካው ከውድድሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በመሆኑም፣ ውኃ ባለመጠጣትና በላብ ሰውነትን በማድረቅ ሚዛኑን ማለፍ፣ ከዚያም በአንድ ሌሊት ማገገም እንደ ብልሃት ይቆጠራል።

የዚህ ብልሃት ዋጋ ከባድ ነው። ድርቀት ልብንና ኩላሊትን ያውካል፤ የሰውነትን ሙቀት ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ 3 የኮሌጅ ነፃ ትግል ተወዳዳሪዎች ክብደት ለመቀነስ ሲጥሩ ሕይወታቸው አልፏል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችን መውሰድም በአበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከለ ነው። ወርልድ ቴኳንዶ በውድድሩ ዕለት ጠዋት በዕጣ የሚመረጡ ተወዳዳሪዎች ክብደት ከምድቡ ጣሪያ ከ5 በመቶ በላይ እንዳያልፍ የሚያደርግ ደንብ ያወጣውም ይህንኑ ልማድ ለመግታት ነው።

ወደ ላይኛው ምድብ መሸጋገር ሽንፈት አይደለም። የኮትዲቯሩ ቼክ ሳላህ ሲሴ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በ80 ኪሎ ግራም ምድብ ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ በ2024 በፓሪስ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ተወዳድሮ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዷል።

ስለሆነም ወላጆች ልጆቻቸውን ለውድድር ከማስመዝገባቸው በፊት የታዳጊው ምድብ በዘወትር ክብደቱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከአሰልጣኙ ሊያረጋግጡ ይገባል። በእድገት ላይ የሚገኝ ልጅ ለሚዛን ሲባል ምግብና ውኃ እንዲከለከል ከተጠየቀ አለመፍቀድ፣ የጤና ባለሙያንም ማማከር ያስፈልጋል። የሚቀየረው ምድቡ እንጂ የልጁ ጤና መሆን የለበትም።