ፖሊስ በሌለበት መታጠፊያ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ነው። ጠባብ መታጠፊያዎቹ ላይ ሁለት ከባድ መኪና እኩል አያልፍም። ቁልቁል የሚመጣው ሾፌር ከመታጠፊያው በፊት ክላክሱን ያስረዝማል፤ ከታች መልስ ከሰማ የተራራውን ጥግ ይዞ ይቆማል። ጭነት ያለው እያቃሰተ ይወጣል፤ ረዳቱ በመስኮት እጁን አንስቶ ያመሰግናል። ትራፊክ ፖሊስ የለም፤ ክስ የሚጽፍም የለም።

ገደሉን ፈርተው ነው የሚል አይጠፋም። ክላክሱን ፍርሃት ያስነፋው እንበል። ተራራውን የተደገፈው ግን ገፍቶ ቢገባ ገደሉ የሚያሰጋው ያንኛውን ነው። የሚቆመው ነገ እሱም ጭኖ ስለሚወጣ፣ ሌላውም እንደሚቆምለት ስለሚያምን ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ልማድን የመሠረተው በዚሁ መተማመን ላይ ነው።

ይኸው ሾፌር ከተማ ሲገባ ግን መብራቱን ከማየቱ በፊት ፖሊሱን በዓይኑ ይፈልጋል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉን የሚያይበት ዓይን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶም ታይለር የቺካጎ ነዋሪዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ሕግ የሚያከብሩት ቅጣት ስለሚፈሩ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን ሕግ አስከባሪውን ተገቢ ባለሥልጣን አድርገው ሲቀበሉት መሆኑን አሳይቷል። ይህን ተቀባይነት የሚያስገኘው ደግሞ ሰውን ሰምቶና አክብሮ መዳኘት ነው።

እኔ ይህን ሳነብ የሚታየኝ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 ዋልያው ሲመናመንና እርሻው ሲገፋ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ አሰፈረው፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያ ሌላ አገር የለውም፤ ስለዚህ በፓርኩ ያለው የግጦሽ ክልከላ አስፈላጊ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ነገር ግን ክልከላው የመጣው በፓርኩ ውስጥ ባለው በግጭ አምባ ገብስ ሲዘራ ከኖረ ሕዝብ በኋላ ነው። ሶቅራጥስ ከእስር ቤት አላመልጥም ሲል አንዱ ምክንያቱ፣ የአቴንስን ሕግ ካልወደድኩ እስከ ሰባ ዓመቴ ጥዬ መሄድ እችል ነበር፤ አለመሄዴ ስምምነቴ ነው የሚል ነበር። የግጭ ገበሬ ግን ሕጉ ነው የመጣበት። እዚያ መኖሩን እንደ ስምምነት ልንቆጥርበት አይገባም ነበር።

መንዝ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። ጓሳ የተባለውን የጋራ መሬት ሣር ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በመረጡት ኃላፊ እያስጠበቁ ለዓመታት ይዘጉት፣ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። ቅጣት ነበረው፤ ቀጪውም ጎረቤት ነበር። ሥርዓቱን የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን መጠበቁን ጨርሶ አልተወም፤ በኋላም በአዲስ መልክ አደራጅቶታል።

ስለዚህ የፓርኩ ኃላፊዎች ቀጣዩን የግጦሽ ወሰን ከማስመራቸው በፊት ከብቱን የሚያግደውን ሰው አስቀምጠው ያነጋግሩት። የትኛው መስክ በየትኛው ወር ይዘጋ፣ ከብቱ በድርቅ ወዴት ይሂድ፣ የጣሰውን ማን ይዳኘው? ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ካለ ወሰኑ ይቆይ።