ባህሉ ይቀጥል፤ ውሻው ግን ይተንፍስ

የአሜሪካው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ማስኮት ሕይወት ያለው ቡልዶግ ነው። አጋ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ አንዱ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ሌላው እየተተካ አሁን 11ኛው ላይ ደርሷል። ቀይ ማሊያ ለብሶ ከ90 ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዘው ሳንፎርድ ስታዲየም ይገባል። የሞቱት የተቀበሩትም እዚያው ነው። አትላንታ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች ምስሉን በየቲሸርቱና በየመኪናው ላይ ሳታዩት አትቀሩም።

ችግሩ ውሻ ማስኮት መሆኑ አይደለም። ችግሩ የተመረጠው ውሻ ነው። ቡልዶግን ሰው ለመልኩ ሲል ለዘመናት እየመረጠ አራብቶ ፊቱን አሳጠረው፤ የአየር መተላለፊያውም አብሮ ጠበበ። ውሻ ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። መተንፈስ የተቸገረ ውሻ በሙቀት በቀላሉ ይወድቃል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ ስለሆነም መውለድ ራሱ ፈተና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት ከመቶ 86 ያህሉ የቡልዶግ ወሊድ በቀዶ ጥገና የተከናወነ ነበር።

ደጋፊዎቹ "አጋ እኮ ከኛ የተሻለ ይኖራል! ኤር ኮንዲሽነር ያለው ቤት ተሠርቶለታል፤ በረዶ ላይ ይተኛል" ይላሉ። ልብ በሉ፤ ይህ መከላከያ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ጨዋታ ለማየት በረዶና ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ውሻ ጤናማ ውሻ ነው? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ብዙ ቡልዶጎች ግን መጮኹ ቀርቶ አየር መሳቡም ትግል ነው።

"ባህላችን ነው" የሚሉም አሉ። ጎረቤታቸው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ስሞኪ የሚባል ማስኮት አለው፤ አፍንጫው ረዘም ያለ አዳኝ ውሻ ነው። ባህል አላነሰውም። ጆርጂያ ራሱም የቡልዶግ ልብስ ለብሶ የሚጨፍር ሰው አለው።

ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ቡልዶግ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈርዶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው በቡልዶጉ ላይ የተላለፈውን ሽሮታል። ቢሆንም ጉዳዩ ለፍርድ እስኪቀርብ መድረሱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

"የሰው ችግር መች አለቀና ስለ ፈረንጅ ውሻ ታወራለህ?" የሚል አይጠፋም። ስለ ሰው መጮህ ስለ እንስሳ ዝም በል አይልም። ደግሞም ይህ የአንድ ውሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ማስኮት ማስታወቂያ ነው። ሕፃኑ አይቶ "እንደሱ ያለ ግዙልኝ" ይላል፤ አራቢውም ያንኑ አጭር አፍንጫ ያባዛል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ስሙንም ማሊያውንም ይያዝ። ቀጣዩ አጋ ግን ረዘም ያለ አፍንጫ ያለው፣ ያለ በረዶ ሜዳው ዳር መቆም የሚችል ውሻ ይሁን። ያ ካልተቻለ ልብስ የለበሰው ሰው ይበቃል። እሱ ቢያንስ ሲሞቀው ጭንብሉን ማውለቅ ይችላል።