ሞገዱ ባለቤት ነበረው

ሰርፊንግ ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው፤ ፀሐይ ጠጉሩን ያነጣው የካሊፎርኒያ ወጣት ሳንቃውን በብብቱ ይዞ ወደ ባሕር ሲሮጥ። ሥዕሉን የሣለልን ሆሊውድ ነው። በ1959 «ጊጄት» የተባለው ፊልም ከወጣ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፊልም፣ በዘፈንና በማስታወቂያ ሲደጋገም ኖሯል። ከሥዕሉ ጋር አንድ ተረትም ይነገራል። ሃዋያውያን ጥንት በሞገድ ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ ሚሲዮናውያን ከለከሏቸው፤ ጨዋታው ሞተ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካውያን ከሞት አስነሥተው ለዓለም አደረሱት ይላል። ይህን ተረት የምቃወመው ባለቤቱን በገዛ ቤቱ እንግዳ ስለሚያደርግ ነው።

በ1779 ከካፒቴን ኩክ ጋር በሃዋይ ኬአላኬኩዋ ወደብ የደረሰው መኮንን ጄምስ ኪንግ፣ የአገሬው ሰዎች በሳንቃ ላይ ተኝተው ከዚያ ኃይለኛ ሞገድ ጋር ሲጫወቱ አይቶ በመገረም ጽፏል። ሃዋያውያን ይህን ጥበብ «ሄኤ ናሉ» ይሉታል፤ በሞገድ ላይ መንሸራተት ማለት ነው። አለቃውም ተራው ሰውም፣ ወንዱም ሴቱም ይችሉት ነበር። ረጅሙ ሳንቃ «ኦሎ» የመኳንንቱ ሲሆን፣ ቀጭኑና አጭሩ «አላያ» የሁሉም ነበር።

ሚሲዮናውያን የመጡት በ1820 ነው። ራቁትነቱን፣ ውርርዱን፣ የወንድና የሴቱን አብሮ መዋኘት እንደ ነውር ቆጥረው መንቀፋቸው እውነት ነው። ሆኖም ሰርፊንግን የከለከለ ሕግ አልወጣም። ሞገዱን ጭር ያደረገው በሽታ ነው። ከውጭ በገቡት ኩፍኝ፣ ፈንጣጣና የአባላዘር በሽታዎች ሕዝቡ አለቀ፤ ኩክ ሲደርስ በመቶ ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሕዝብ በ1890 ቆጠራ፣ ክልሶቹ ተጨምረው እንኳ፣ 40 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። «ከለከሏቸው» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ መቃብር ይሸፍናል። አድማጩ ሕዝቡ በስብከት ተሸንፎ ጨዋታውን የተወ ይመስለዋል።

ደግሞስ መቼ ሞተ? በ1885 ለትምህርት ካሊፎርኒያ የነበሩ ሦስት የሃዋይ መሳፍንት ወንድማማቾች ከአካባቢው ቀይ እንጨት ሳንቃ አሠርተው በሳንታ ክሩዝ ወንዝ አፍ ላይ ተንሸራተቱ። በአሜሪካ ምድር መጀመሪያ የተመዘገበው ሰርፊንግ ይህ ነው። የካሊፎርኒያ ስፖርት የሚባለውን ለካሊፎርኒያ ያሳዩት የሃዋይ ልጆች ናቸው።

አዳኝ ተብለው የሚወደሱት ደራሲው ጃክ ለንደንና አሌክሳንደር ሂዩም ፎርድ ዋይኪኪ ላይ የተገናኙት በ1907 ነው። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ በ1893 ከዙፋኗ ከወረደች፣ ደሴቶቹም በ1898 ወደ አሜሪካ ከተጠቀለሉ ገና ብዙ አልቆየም። ፎርድ በ1908 ክለብ አቋቋመ፤ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። ሃዋያውያን «ሁዪ ናሉ» የተባለውን የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዱክ ካሃናሞኩ በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ አገኘ። ለንደን በጽሑፉ ያደነቀው ጆርጅ ፍሪዝም የሃዋይ ደም ያለበት ነበር። አዳኞቹ የሞተ አላስነሡም፤ የተማሩት በሕይወት ካሉ መምህራን ነው።

ተረቱ አፍሪካንም አልማረም። በ1966 ለሕዝብ በሰፊው የቀረበው «ማለቂያ የሌለው በጋ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ሁለት አሜሪካውያን ሳንቃቸውን ይዘው ወደ ሴኔጋልና ጋና ሲሄዱ ያሳያል፤ ጋናውያኑንም ይህን ጥበብ ገና ዛሬ እንደሚያዩ አድርጎ ያቀርባቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሚካኤል ሄመርሳም የተባለ ጀርመናዊ በ1640ዎቹ በዛሬዋ ጋና ዳርቻ ወላጆች ልጆቻቸውን ሳንቃ ላይ አስረው ውኃ ውስጥ እንደሚጥሏቸው መዝግቧል። እርሱ የዋና ትምህርት ነው ብሎ አሰበ፤ የታሪክ ምሁሩ ኬቨን ዶውሰን ግን ስለ ሰርፊንግ የተጻፈ የመጀመሪያው ምስክርነት አድርጎ ያነበዋል። ይህ ንባብ ቢያከራክር እንኳ በ1830ዎቹ አክራን ያየው ጄምስ አሌክሳንደር ነገሩን ይቆርጠዋል። ልጆቹ ቀለል ያለ ሳንቃ ከሆዳቸው ሥር አድርገው ወደ ባሕር እንደሚዋኙ፣ ሞገድ ጠብቀውም በላዩ እየጋለቡ እንደሚመለሱ ጽፏል። ጄምስ ብሩስ በ1770 የዓባይን ምንጭ «አገኘ» ሲባል የሰማን እኛ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ሲያርስ የኖረው ገበሬ ያኔ የት ነበር ብለን የምንጠይቅ እኛ፣ የአክራን ልጆች ጉዳይ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ጥቁር ሰው ከባሕር ጋር ታሪክ የለውም ከተባለ በኋላ ከባሕር ዳር ማባረሩ ይቀላል። ደቡብ አፍሪካ በ1953 በወጣ ሕግ የባሕር ዳርቻዎቿን በቆዳ ቀለም ከፋፍላ ኖራለች፤ ለሰርፊንግ የተመቹት የደርባን ዳርቻዎች ለነጮች ተለዩ። ሕጉ የተሻረው በ1990 ነው። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አውስትራሊያዊው ቶም ካሮል በ1985 እዚያ አልወዳደርም ብሎ መቆሙ፣ ሰርፊንግ ከፖለቲካ ውጭ ነው ለሚሉት በቂ መልስ ይመስለኛል።

«ሞገድ የማንም አይደለም፤ ማን ጀመረው ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ሞገዱ የሁሉም መሆኑን ከማንም በላይ ያሳየው ዱክ ካሃናሞኩ ራሱ ነው። ከ1914 እስከ 1915 ባለው የአውስትራሊያ በጋ ሲድኒ ሄዶ ከጥድ እንጨት ሳንቃ ጠርቦ ጥበቡን በፍሬሽዋተር ዳርቻ አሳይቷል፤ ያ ሳንቃ ዛሬም እዚያው ተጠብቆ ይገኛል። ሃዋያውያን አልነፈጉም። ተቀባዩ ግን ስጦታውን ወስዶ የሰጪውን ስም ፋቀ፤ ቅሬታዬ ይኸው ነው።

ሰርፊንግ በ2021 በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው የሃዋይ ተወላጅ የዘር ሐረግ ያላት፣ ሆኖሉሉ የተወለደችው ካሪሳ ሙር ናት። በዓለም የሰርፊንግ ሊግ ውድድሮች የሃዋይ ልጆች በሃዋይ ባንዲራ ይሰለፋሉ፤ በኦሎምፒክ ግን ለእርሷ የተሰቀለው የአሜሪካ ባንዲራ ነው። ስፖርቱን በአማርኛ የምንዘግብ ሰዎች ያን ባንዲራ ማውረድ አንችልም። ስሟን ስንጠራ ግን «አሜሪካዊቷ» ብለን ከማለፍ «ሃዋያዊቷ» ማለት እንችላለን። ሄኤ ናሉ የአያቶቿ ነውና።