ይድረስ ለአቶ ሼርሎክ ሆልምስ፤ ከኮንጋ

የተከበሩ አቶ ሆልምስ፣

የምጽፍልዎ ከይርጋ ጨፌ ወጣ ብላ ካለችው ከኮንጋ ነው። በሕይወት ላልነበረ ሰው መጻፌ የሚያስቀው ካለ፣ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ለንደን ቤከር ጎዳና በእርስዎ አድራሻ ላይ የከተመ አንድ የቁጠባ ተቋም፣ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእርስዎ የሚጎርፈውን ደብዳቤ የሚመልስ ጸሐፊ መድቦ ነበር። እኔ መልስ አልጠብቅም፤ ላመሰግንዎ ነው።

ምስጋናዬ ሌባ ስለያዙ አይደለም። ሌባ መያዝማ በእኛም አገር ባለሙያ ነበረው፤ ሌባሻይ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ማስረጃ የለ፣ ክርክር የለ። አውጫጭኝ ይሻላል፤ የአገሩ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ይጠያየቃል፣ የቀረ ይቀጣል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ጽፈው «አፈርሳታ» ያሉት ልብ ወለድ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፣ መንደሩም ለጉባኤ ይወጣል። እንደ እርስዎ ያለ ብልህ የለበትም፤ መርማሪውም ተጠርጣሪውም አገሩ ሁሉ ነው። እኛ ጌዴኦዎችም ሶንጎ አለን፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ግራ ቀኙን ይሰማሉ።

እርስዎ ያስተማሩን ግን ፍርድን ማቆየት ነው። የፖሊሱ መርማሪ ሌስትሬድ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይዞ ሲሮጥ፣ እኛ አንባቢዎች «ቆይ እስቲ» ማለት ለመድን። ይህ ከእርስዎም በፊት የተጀመረ ነው። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 በጻፈው የፓሪስ ታሪክ ውስጥ ፖሊስ ያሰረው የባንክ ጸሐፊ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ያስፈታውም የታሪኩ መርማሪ ዱፒን ነው። (በ1887 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍዎ ዱፒንን ማጣጣልዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደስ አይልም። ታላቅዎ ነው።)

ከሁሉ የበለጠ የማመሰግንዎ ግን ፈጣሪዎ አርተር ኮናን ዶይል ከእርስዎ ተምሮ ስላደረገው ነገር ነው። ጆርጅ ኤዳልጂ የሚባል ጠበቃ ነበር። አባቱ ከሕንድ መጥተው በእንግሊዝ ገጠር ቄስ የሆኑ። በ1903 የአካባቢው ከብት በሌሊት በስለት ሲቆሳሰል ጣት ወደ እሱ ተቀሰረና 7 ዓመት ተፈረደበት። ከ3 ዓመት በኋላ ሲፈታም ስሙ አልጸዳም። የዓይን ሕክምና የተማረው ዶይል ሊያገኘው ሆቴል ሲገባ፣ ሰውየው ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ለጥፎ በጎን ያነባል። ይህ ዓይን በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ፈረስ ሊያርድ? ዶይል ጋዜጣ ላይ ጻፈ፣ ሞገተ፤ በ1907 ኤዳልጂ ምሕረት ተደረገለት። ካሣ ግን ቤሳ አልሰጡትም። እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያቋቋመችውም በዚያው ዓመት ነው፤ ይህ ጉዳይ አንዱ ግፊት ነበር።

ይህ ሩቅ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስልዎ። በቡና ወቅት ከማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ጎደለ ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሌላ ቀበሌ የመጣው የቀን ሠራተኛ ነው። ሚዛኑ ልክ ነው ወይ? ማታ ዘብ ማን ነበር? እርጥቡ ቡና ሲደርቅስ ክብደቱ ምን ያህል ይወርዳል? እነዚህ የሚጠየቁት ሰውየው ከተዋረደ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ሌባዋ ፀሐይ ሆና ትገኛለች። መጽሐፍዎን ያነበበ አንድ ሰው እዚያ መሃል ካለ ጥያቄው ትንሽ ይቀድማል።

በአማርኛም ወገን አለዎት። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፈውልናል፤ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት ተርጉመው እንቅልፍ ነስተውናል፤ «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ እውነተኛውን ወንጀል እንደ ተረት አስነብቦናል። በነካ እጅዎ ለእነሱም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በባስከርቪል ውሻ ጉዳይ ቤት ዘግተው ሲያስቡ ሁለት ትልልቅ ጀበና የሚያህል ቡና መጠጣትዎ ተጽፏል። ባልንጀራዎ ዶክተር ዋትሰን የትምባሆውን ጭስ ሳይቀር ሲመዘግቡ፣ ቡናው የየት አገር እንደሆነ አልጠየቁም። ለሚቀጥለው ጉዳይ የኮንጋን ይሞክሩ።

አክባሪዎ፣
ከኮንጋ አንድ አንባቢ