የሳንቲም መንገድ ዘይት አይወድም



ባለፈው ስብሰባ፣ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ስለቆመችው የብስኩትና የለስላሳ መሸጫ ማሽን «አርጅታለችና ትጣል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን ከመግለጼ በፊት ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ባለፈው ዓመት ማሽኗ ኳርተር አልቀበል ስትል፣ የወጥ ዘይት በጠርሙስ ክዳን ይዤ ወርጄ በሳንቲም መግቢያዋ ያንቆረቆርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን እሰየው አሰኘች። በሦስተኛው ቀን የሁሉንም ሳንቲም ትውጥ ጀመር። አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው ብስኩት ሊገዙ አራት ኳርተር ከተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱና ማሽኗን ሲራገሙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ገንዘባቸውን ኋላ ሰጠኋቸው፤ እውነቱን ግን ዛሬ ነው የምናገረው።

ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። ከ1965 ወዲህ የሚሠራው የአሜሪካ ኳርተር 5.67 ግራም ይመዝናል፤ ወርዱም 24.26 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽኗ ሳንቲሙን በተዳፋት መንገድ እያንከባለለች መጠኑንና የብረቱን ዓይነት ትመረምራለች። መንገዱ ላይ ዘይት ካለ አቧራና የእጅ እድፍ ይለጠፍበትና እንደ ጭቃ ይሆናል። ሳንቲሙም ይዘገያል፤ ወይ ይመለሳል፣ ወይ እዚያው ይቀረቀራል። ስለዚህ የሳንቲም መንገድ መድኃኒቱ ሌላ አይደለም፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ ብቻ ነው።

ቅባት የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ለበሩ ማጠፊያ ጠብታ የማሽን ዘይት ይበቃል። ለቁልፉ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። ዕቃውን ወደፊት የሚገፋው ጥምዝምዝ ሽቦ ምግብ ስለሚነካ የወጥ ዘይት አይቀባም፤ እየቆየ ይሸታል፣ ይሙጫል። የማሽኗ መመሪያ ግራሶ ይቀባ የሚለው ቦታ ካለ፣ ለምግብ መሣሪያ የተፈቀደውን ዓይነት በጥቂቱ ማድረግ ነው። የማቀዝቀዣዋ ሙቀት ማስወጫ ደግሞ ከአቧራ መጽዳት አለበት። እሱ ከታፈነ ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ዕድሜው ያጥራል።

«አዲስ እንግዛ፣ በካርድ ትሠራለች» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም። ነገር ግን አዲሲቱም ከአቧራ አታመልጥም፤ የሚንከባከባት ከሌለ እሷም ነገ አሮጌ ናት። ደግሞስ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶባቸው ከዚህችው ማሽን የሚቀምሱትን፣ ካርድ የማይዙትን አረጋውያንም አንርሳ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ፦ ማሽኗ በማኅበራችን መዋጮ የተገዛች የራሳችን ንብረት ናትና፣ ሁለት ሰዎች ተመርጠው ቁልፉን ይያዙ። በወር አንድ ቅዳሜ ሶኬቷን ነቅለው ያጽዷት። ደብተር በክር ይንጠልጠልባት፤ ሳንቲም የተበላበት ሰው ቀኑንና መጠኑን ይጻፍ፣ ከሽያጩም ይመለስለት። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን በስብሰባ ላይ እናንብበው። ያኔም ካልተሻላት «ትውጣ» ብሎ እጁን መጀመሪያ የሚያወጣው እኔ ነኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እስከዚያው ግን እባካችሁ፣ ማንም ዘይት ይዞ እንዳይወርድ። እኔን ያየ ይማር።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ነዋሪ