መሣሪያው ያላነበባቸው ጣቶች

ከግቢያችን በላይ በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የኅዋ መመልከቻ ጣቢያ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኰሰችው፥ ወደ 70 ኪሎ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የመሬትን ሥዕል ትልክ የነበረው ወደዚሁ ተራራ ነው። በዚያው ተራራ ላይ እናቶቻችን ስንት ዘመን ሙሉ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል፥ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ፥ አዝለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ ሲወርዱ ኖረዋል። ከሰማይ ሆኖ መሬትን የሚያነብ መሣሪያ የሠራው ዘመን የአንዲትን እናት ጣት ማንበብ ሲያቅተው ስላየን ይህን ለመጻፍ ተገደድን።

አንባብያን እንደሚያውቁት የፋይዳ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1284 መሠረት የሚሰጥ ነው። ተመዝጋቢው የዐሥር ጣቶቹን አሻራ፥ የሁለት ዐይኖቹን ምስልና የፊቱን ፎቶግራፍ ሰጥቶ ባለ 12 አኃዝ ቍጥር ይቀበላል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ግዴታ ሆነ። እኛ የመታወቂያው ተቃዋሚዎች አይደለንም። ከገጠር መጥቶ፥ የቀበሌ መታወቂያ ስላልያዘ ብቻ በከተማው ውስጥ እንደ ሌለ ተቈጥሮ የኖረ ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ማን ነው?

ነገር ግን አንድ ጓደኛችን ያየውን እንናገር። አከራዩ ዕድሜያቸውን በእንጨት ለቀማ ያሳለፉ እናት ናቸው። ቤይሩት ያለች ልጃቸው የምትልከውን ገንዘብ በሰው እጅ ከመቀበል ሒሳብ መክፈት ይሻላል ብለው አሰቡ፤ እሱም ወደ አንድ መመዝገቢያ አጅቧቸው ሄደ። መሣሪያው ጣታቸውን አላነበበም። መዝጋቢው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ «እማማ፥ እጅዎን ታጥበው ነገ ይምጡ» አላቸው። በሎሚ ታጥበው በማግሥቱ ተመለሱ፤ መሣሪያው አሁንም እንቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛችን ሊወስዳቸው ሲመጣ፥ «ተወኝ ልጄ፤ ጣቴን እንጦጦ በልቶታል» ብለው ቀሩ።

«እጅዎን ታጥበው» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። ጕድለቱ የመሣሪያው ሲሆን ጥፋቱ ግን በእጁ ባለቤት ላይ ተላከከ። የጣት መስመር በሥራ ብዛት እንደሚያልቅ የታወቀ ነው፤ ግንበኛው፥ አራሹ፥ ልብስ አጣቢዋ ጣታቸውን አይተው ይነግሩናል። እንግዲህ መሣሪያው የኛን የተማሪዎቹን ለስላሳ ጣት እያነበበ የሠራተኛውን የሚስት ከሆነ፥ ስሕተቱ እንደ ዕጣ ለሁሉ የሚደርስ አይደለም፤ ድኻውን መርጦ ይመታል።

ህንድ በ2010 እ.ኤ.አ. አድሃር የተባለውን ቍጥር መስጠት ከጀመረች በኋላ፥ በጃርካንድ ግዛት አሻራቸው አልነበብ ብሎ የእህል ድርሻቸውን ስላጡ ችግረኞች ብዙ ተጽፏል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መታወቂያውን ሲያጸና፥ አሻራው ስላልሠራ ብቻ ማንም ከሚገባው ድጋፍ እንዳይከለከል አሳስቧል። ፍርዱ የመጣው ግን ስንቱ ከተቸገረ በኋላ ነው።

ስለ ተሰበሰበው መረጃ አያያዝ በ2016 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቍጥር 1321 አለ፤ በሌላ ዕትም እንመለስበታለን። የዛሬው ጕዳያችን መረጃው ስላልተሰበሰበለት ሰው ነው። ጣት እንቢ ሲል ዐይንና ፊት አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጕዳይ እዚያው የሚጨርስ ኀላፊ በየመመዝገቢያው እንዲመደብ እንጠይቃለን። «ነገ ይምጡ» ማለት ለኛ ቀላል ቃል ነው፤ ለጉልት ቸርቻሪዋ ግን የታክሲ ገንዘብና የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ነገ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ፕሮግራም የምትጽፉ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ሙከራችሁን በክፍል ጓደኞቻችሁ ጣት ብቻ አትጨርሱ፤ መምህራንም ይህን ሳይጠይቁ ማርክ ባይሰጡ ደስ ይለናል።

ማኅበራችን በሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ በ2 ሰዓት ከዋናው በር ተነሥተው የሰፈሩን አረጋውያን ወደ መመዝገቢያ የሚያጅቡ ተማሪዎችን ስም መቀበል ጀምሯል። እስካሁን የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው። የጓደኛችን አከራይም ለመሄድ ገና አልፈቀዱም።