የዩቲዩቡን ቁጥር አትገልብጡ

ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ ብዙ ጀማሪ ቪዲዮ ያይና ቁጥሩን እንዳለ ባዮስ ውስጥ መክተቱ ነው። በተለይ በትንንሾቹ የቤት ኮምፒውተሮች ይህ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ለምን? ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ አቅማቸው እኩል አይደለም። አየሩም ይለያያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳ ፋኑ ቆላ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ጠባብ ሳጥን ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት!

መጀመሪያ ዕቃው ይፈቅድ እንደሆነ እዩ፤ አብዛኞቹ የቢሮ ሚኒ ኮምፒውተሮች ዝግ ናቸው። ከፈቀደ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ የባዮሱን ሴቲንግ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። አቧራውን አጽዱ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት ቀይሩ። ከዚያ በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ እየጨመራችሁ፣ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠሩት። ሙቀቱ 85 ዲግሪ ካለፈ ወይም ስታክ ካደረገ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቮልቴጁን ጀማሪ ባይነካው ይሻላል።

ደግሞስ የሚያንቀራፍፈው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከሆነ? ኤስኤስዲ ግጠሙበት፣ ለውጡን ያኔ ታያላችሁ። ለትንሽ ፍጥነት ብሎ በስንት ብር የተገዛ ዕቃ ማቃጠል ምን የሚሉት ትርፍ ነው?